ለመርሳት ካሳ አለ፣ ለቁጣ የለም

በጁላይ 2025 አንድ የ27 ዓመት ወጣት ከላስ ቬጋስ ተነሥቶ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በመኪና አቋረጠና ኒው ዮርክ ገባ። ማንሃተን ውስጥ ፓርክ አቬኑ 345 ቁጥር ሕንፃ ሲደርስ ጠመንጃውን ይዞ ወረደ። አራት ሰው ገደለ፤ በመጨረሻም ራሱን አጠፋ። በሕንፃው ውስጥ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ የኤን ኤፍ ኤል፣ ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። ወጣቱ ወደዚያ ሊወጣ አስቦ ሊፍት ተሳሳተና ሌላ ፎቅ ላይ ደረሰ። ከሞቱት አንዱም የሊጉ ሠራተኛ አልነበረም። የተገኘበት ማስታወሻ ሲቲኢ በተባለው የአንጎል በሽታ መያዙን ይናገራል፤ አንጎሉ እንዲመረመርለትም ይጠይቃል። ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሆኖ አያውቅም፤ የተጫወተው በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቱ ነው። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የከተማዋ የአስከሬን ምርመራ ቢሮ በእርግጥም ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያለ ሲቲኢ ማግኘቱን አስታወቀ።

እንዲህ ያለ ኑዛዜ ሲጻፍ የመጀመሪያው አይደለም። በኦገስት 1966 ቻርልስ ዊትማን እናቱንና ሚስቱን ከገደለ በኋላ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማማ ላይ ወጥቶ ከደርዘን በላይ ሰው ፈጀ። እሱም ሲሞት ጭንቅላቱ እንዲመረመር ጽፎ ትቶ ነበር። ተመረመረ፤ ዕጢ ተገኘ። የግዛቱ አስተዳዳሪ ያቋቋመው የሐኪሞች ኮሚሽን ግን ግድያው የመጣው በዕጢው ነው ለማለት አልደፈረም። ስድሳ ዓመት ገደማ አለፈ፤ ክርክሩ ግን ፈቀቅ አላለም።

ፈቀቅ ያላለው ጥያቄው ስለተጣመመ ነው ባይ ነኝ። «የገደለው እሱ ነው ወይስ በሽታው?» እያልን ስንከራከር ዓይናችን ዜና በሚሆነው ግድያ ላይ ተተክሎ ይቀራል። በሽታው በየቤቱ የሚያመጣው፣ ፖሊስ የማይጠራበትና ጎረቤት የማይሰማው በደል ግን ሳይቆጠር ያልፋል። ሳይቆጠር በመቅረቱ ደግሞ የሚያተርፍ አለ።

ከበሽታው እንነሣ። በአሜሪካ ፉትቦል የራስ ቁር ያጠለቁ ሁለት ረድፍ ግዙፍ ሰዎች ኳሱ በተነሣ ቁጥር ፊት ለፊት ይላተማሉ። በመሐል መስመር ከሚጋፈጡት ዝነኞች አንዱ የፒትስበርግ ስቲለርስ ተጫዋች ማይክ ዌብስተር ነበር። በ2002 በ50 ዓመቱ ሲሞት ራሱን መምራት አቅቶት፣ መኪናው ውስጥ እስከ ማደር ደርሶ ነበር። አስከሬኑን የመረመረው ናይጄሪያዊው ፓቶሎጂስት ቤኔት ኦማሉ አንጎሉን በዓይኑ ሲያየው ጤነኛ መሰለው። በቀጭኑ ተቆርጦ፣ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ታው የተባለው ፕሮቲን በአንጎሉ ውስጥ ተቋጥሮ ተገኘ። የኦማሉ ጽሑፍ በ2005 ሲታተም የሊጉ የሕክምና ኮሚቴ ሐኪሞች መጽሔቱ ጽሑፉን እንዲሰርዝ ጠየቁ። ስለ አንጎል እንዲመክር የተቋቋመውን ይህን ኮሚቴ ከ1994 ጀምሮ ለዓመታት የመራው የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪም እንደነበር እዚህ ላይ መጥቀስ አይከፋም። ነገሩ ለሕክምናው ዓለም እንግዳ ነበር እንዳይባል፣ ሃሪሰን ማርትላንድ የቦክሰኞችን መንገዳገድና የጠባይ መለወጥ ያለ ማይክሮስኮፕ የጻፈው በ1928 ነው።

የታው ክምችት በአንጎል እጥፋቶች ግርጌ፣ በትንንሽ የደም ሥሮች ዙሪያ ይጀምራል። ቶሎ ከሚጎዱት ቦታዎች አንዱ ከግንባር በስተኋላ ያለው ክፍል ነው፤ የንዴታችን ፍሬን ያለው እዚያ ነው። የሚያመጣው ደግሞ ተጫዋቹን ሜዳ ላይ ዘርሮ ካሜራ የሚሰበስበው አንድ ኃይለኛ ምት ብቻ አይደለም። ምንም ሳይሰማው ተነሥቶ ወደ ቦታው የሚመለስባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ግጭቶች ተደምረው ነው። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳገኙት ሰውየው በተጫወተ በእያንዳንዱ ዓመት በሲቲኢ የመያዝ ዕድሉ በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ራስህን ስተህ ወደቅህ?» ከሚለው ይልቅ «ስንት ዓመት ተጫወትህ?» የሚለው ብዙ ይነግረናል።

ግድያን ከበሽታው ጋር የሚያያይዝ ሰው ሁሉ የሚጠራው ስም አሮን ኸርናንዴዝ ነው። ከኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ቡድን ጋር 40 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ውል በፈረመ በዓመቱ በነፍስ ግድያ ተያዘ፤ በ2015 ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በ2017 በ27 ዓመቱ እስር ቤት ውስጥ ሕይወቱን አጠፋ። አንጎሉን የመረመሩት ዶክተር አን ማኪ ከአራቱ ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ የደረሰ ሲቲኢ አገኙ። በዚያ ዕድሜ ይህን ያህል የከፋ አይተው አያውቁም ነበር። ቢሆንም በሽታውን ተመልክቶ ድርጊቱን ማስረዳት እንደማይቻል ራሳቸው ተናግረዋል። ልክ ናቸው። ኸርናንዴዝ በዱላ ያደገ፣ አባቱን በጉርምስናው ያጣ፣ አደንዛዥ ዕፅ የሚወስድ፣ ገና በ17 ዓመቱ መጠጥ ቤት ውስጥ ሰው የደበደበ ነበር። ከዚህ ሁሉ መካከል የታውን ድርሻ ለይቶ የሚመዝን ሚዛን የለም።

ከአንድ ሰው ታሪክ ወደ ቁጥር ብንሄድም ነገሩ ወዲያው አይጠራም። በ2017 የወጣው ዝነኛ ጥናት ከ111 የቀድሞ የኤን ኤፍ ኤል ተጫዋቾች አንጎል በ110ሩ ላይ ሲቲኢ አገኘ። አንጎሎቹን የሰጡት ግን ዘመዳቸው ሲለወጥ ያዩ፣ የጠረጠሩ ቤተሰቦች ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥሩን ለሜዳው ሁሉ ማልበስ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በሌላ በኩል የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነት ተቋም 3,439 ጡረተኛ ተጫዋቾችን ተከታትሎ በአንጎል መበስበስ በሽታዎች የሞቱት ከሌላው ሕዝብ ሦስት እጥፍ ሆነው ሲያገኛቸው፣ ራሳቸውን ያጠፉት ግን ከሚጠበቀው ያነሱ ነበሩ። በ1999 የታተመ ጥናትም ተጫዋቾች በድብደባ የሚታሰሩበት መጠን ከእኩዮቻቸው ግማሽ እንኳ እንደማይሞላ አሳይቷል። የሊጉ ወዳጆች ይህን ሲጠቅሱ ደስ ይላቸዋል። ሀብታም፣ ጤነኛና ተመርጦ የተቀጠረ ሰው ከመንገደኛው ባነሰ ቢታሰር ምን ይገርማል? ጠበቃውስ ማን ሆነና?

እኔን የሚያሳምነኝ ማስረጃ የመጣው ፉትቦል ብዙም ከማይታወቅበት አገር ነው። በስዊድን ከ1973 እስከ 2009 ባለው መዝገብ የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸው ሕክምና ያገኙ 22,914 ሰዎች ተጠኑ። ከእነዚህ 8.8 በመቶው ከጉዳቱ በኋላ የኃይል ወንጀል ፈጽመዋል፤ ከጠቅላላው ሕዝብ የተወሰዱት ማነጻጸሪያዎች 3 በመቶ ነበሩ። ድህነቱ፣ አስተዳደጉ፣ ሰፈሩ ይሆናል እንዳንል፣ ተመራማሪዎቹ ተጎጂዎቹን ካልተጎዱት ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ጋር አወዳደሯቸው። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም፤ ዕድሉ አሁንም በእጥፍ ይበልጣል። የሚጥል በሽታ ያለባቸው በተመሳሳይ መንገድ ሲወዳደሩ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። ይህ ስለ ሲቲኢ የተደረገ ጥናት አይደለም፤ የተጎዳ አንጎል ለኃይል ድርጊት መንገድ እንደሚጠርግ ግን ያሳያል። ከመቶ 91 የሚሆኑት ምንም እንዳላደረጉም ያው ጥናት ይመሰክራል፤ ስለዚህ ለገዳዩ ማምለጫ አይሆነውም።

እንዲህ ያለ በመቶኛ የሚለካ ጭማሪ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ማንሃተን ሕንፃ ውስጥ በቆመ እንግዳ ላይ የሚያርፈው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። የዘወትር ተሸካሚዎቹ ቤት ያሉት ናቸው። በዲሴምበር 2012 የካንሳስ ሲቲው ተጫዋች ጆቫን ቤልቸር የሦስት ወር ሕፃን ልጁን እናት ገድሎ፣ ከዚያ በቡድኑ ሕንፃ መኪና ማቆሚያ ራሱን አጠፋ። ከዓመት በኋላ አስከሬኑ ከመቃብር ወጥቶ ሲመረመር የሲቲኢ ምልክት መታየቱ ተዘገበ። ይህ ዜና የሆነው ሰው ስለሞተበት ነው። ሳይሞትበት ለዓመታት የሚዘልቀውን፣ ባሏ ጠባዩ ሲለወጥ፣ በትንሽ ነገር ግንፍል ሲል፣ በር ሲሰብር ልጆቿን ይዛ ወደ ጓዳ የምትገባ ሴት ታውቀዋለች። ሐኪሞችም አያስተባብሏትም፤ በ2021 ተስማምተው ባወጡት መመዘኛ ድንገተኛ ቁጣንና ራስን መግዛት አለመቻልን ከዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ተርታ አስቀምጠዋል።

ካሳው ግን ሌላ ይላል። ከ4,500 በላይ የቀድሞ ተጫዋቾች ሊጉን ከሰው በ2013 ስምምነት ተደረሰ፤ የፊላደልፊያዋ ዳኛ አኒታ ብሮዲ በ2015 አጸደቁት፤ እስካሁን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሏል። ለመርሳት በሽታ ይከፈላል፤ ለአልዛይመር፣ ለፓርኪንሰን፣ ለኤ ኤል ኤስ ይከፈላል። በሲቲኢ ለሞተ የሚከፈለው ስምምነቱ ከመጽደቁ በፊት ከሞተ ብቻ ነው። ለስሜትና ለጠባይ መቃወስ ምንም የለም። የተሰጠው ምክንያት ቁጣና ድብርት በማንኛውም ሰው ላይ ይታያሉ፣ መነሻቸውም ብዙ ነው የሚል ነው። መርሳትስ? ዕድሜ፣ ዘር፣ የደም ግፊት ያመጡት የለም? ብዙ መነሻ ስላለው ብሎ መርሳትን ከካሳው ዝርዝር ያወጣ ግን የለም። (ያም ቢሆን ለጥቁር ተጫዋቾች በእኩል አልደረሰም። እስከ 2021 ድረስ ምርመራው ጥቁሮች ሲጀመርም የማሰብ አቅማቸው ዝቅ ያለ ነው በሚል ሒሳብ ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ ጉዳታቸው ከነጮቹ እያነሰ ይታይ ነበር።)

ግድያው ላይ ያተኮረው ክርክር ለማን እንደሚመች እዚህ ላይ ይገለጣል። «ሲቲኢ ሰው ያስገድላል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሊጉ «አልተረጋገጠም» ብሎ በእውነት መመለስ ይችላል። «የሠራተኛህ አንጎል በሥራው ምክንያት ተጎድቶ ቤተሰቡን የሚያስጨንቅ ሰው ቢሆን ኃላፊነቱን ማን ይውሰድ?» ቢባል ግን መልሱ ያን ያህል አይቀልም። የገዳይን ጥፋት ሳናቃልል ይህን መጠየቅ እንችላለን፤ ቅጣቱ የሰውየው ነው፣ ካሳው የአሠሪው ነው።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩ ሩቅ አይደለም። ልጃቸው ከትምህርት ቤት የሚያመጣውን የፉትቦል ፈቃድ ቅጽ የሚፈርሙት እነሱ ናቸው። ለእግር ኳሳችንም ቢሆን የስኮትላንድ ጥናት አለ፤ 7,676 የቀድሞ ፕሮፌሽናሎች በአንጎል መበስበስ የሞቱበት መጠን ከሌላው ሕዝብ በሦስት ተኩል እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ዕድሜያቸው 10 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በቴስታ እንዳይመቱ የከለከለው በ2015 ነው። በአሜሪካ ፉትቦልም ካሊፎርኒያ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሙሉ ግጭት ያለበትን ልምምድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብላ ወስናለች። ዓመትንና ግጭትን መቀነስ ይቻላል ማለት ነው፤ ማንም ገዳይ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም።

ሲቲኢ ዛሬም በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ኸርናንዴዝ ችሎት ፊት ሲቆም ጠበቆቹ ሊያቀርቡት አይችሉም ነበር። በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ ታውን በምስል ለማየት የሚደረገው ጥረት ግን ቀጥሏል። የተሳካ ቀን ምስሉን ይዞ መጀመሪያ ፍርድ ቤት የሚሮጠው የገዳይ ጠበቃ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ከእሱ ኋላ ተሰልፋ፣ ባሏ በሕይወት እያለ በሊጉ ላይ ክስ የምትከፍት ሚስትም ትኖራለች፤ ሊጉን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው የእሷ ክስ ነው።