የሰፈራችን የቻይና ምግብ ቤት እና የኢንቨስትመንት ሕጋችን

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በመመሪያ ቁጥር 1001 ለዓመታት ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልለው የቆዩትን የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ሲከፍት፣ ክርክሩ የጦፈው በትልልቅ አስመጪዎችና በሱፐርማርኬቶች ዙሪያ ነበር። ስለ ምግብ ቤት ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም። እኔ ግን የክልከላው ጥያቄ ጎልቶ የሚታየው በየሰፈሩ በከፈቱት አነስተኛ የቻይና ምግብ ቤቶች ውስጥ ነው እላለሁ።

ሰሞኑን ቦሌ አካባቢ ካሉት በአንዱ ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ዲም ሰም በልተን ነበር። ዲም ሰም በደቡብ ቻይና የካንቶን ሰዎች ረፋዱ ላይ ከሻይ ጋር የሚበሉት ነው። በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሽሪምፕ፣ ሥጋ ወይም አትክልት በቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ በእንፋሎት ይበስልና ሦስት አራት ፍሬ እየሆነ ይቀርባል። ቅርጫቱ መሃል ይቀመጣል፣ ሁሉም በጋራ ያነሳል፤ በዚህስ ከእኛ ገበታ ብዙ አይርቅም። አስተናጋጇ ሳንጠይቃት የትኛው የአሳማ ሥጋ እንዳለበት፣ የትኛው ለጾም እንደሚሆን ለይታ ነገረችን። ከመስታወቱ ጀርባ ሊጡን እያጠፈች የምትዘጋውም የእኛው ልጅ ነበረች።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ቤት በሕግ የማን ሊሆን ይችላል? ባለቤቱ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ሊበላ የገባ ሰው ንግድ ፈቃድ አሳዩኝ አይልም። ነገሬ ስለ ሕጉ እንጂ ስለዚያ ቤት አይደለም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 ምግብ ቤትን፣ ሻይ ቤትንና ቡና ቤትን ለአገር ውስጥ ባለሀብት ከልሏል። ለውጭ ዜጋ የተወው ቀዳዳ በኮከብ ደረጃ የተመደበና ብሔራዊ ምግብ የሚያቀርብ ምግብ ቤትን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1180 ደግሞ የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺሕ ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር 150 ሺሕ ዶላር እንዲመድብ ደነገገ። ዋና ሀብቱ የእጅ ሙያ፣ ዱቄትና የቀርከሃ ቅርጫት ለሆነ ቤት ይህ ተራራ ነው።

የክልከላው ዓላማ ይገባኛል። ሽሮ ቤት ከፍታ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ከውጭ ካፒታል ጋር ትፎካከር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ዲም ሰም ግን የሽሮ ገበያ አይሻማም። ኮከብ የሌለው፣ ሙያው ግን የውጭ የሆነ ትንሽ ቤት ሕጉ ውስጥ መቀመጫ አላገኘም።

መቀመጫ ያጣ ነገር አይጠፋም፤ ይደበቃል። ፈቃዱ በኢትዮጵያዊ ስም፣ ገንዘቡና ሙያው የሌላ ሰው የሚሆንበት መንገድ ይከፈታል። እንደ ሕግ ሰው የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1716 ተዋዋዮቹ ወይም አንደኛቸው የገቡት ግዴታ ሕገ ወጥ ከሆነ ውሉ ውጤት የለውም ይላል። እንግዲህ ነገር ሲበላሽ የውጭ ዜጋው ገንዘቤን ብሎ የሚከስበት ውል አይኖረውም። ስሙን ያዋሰው ኢትዮጵያዊ ያላየው ትርፍ ግብር ይጠየቅበታል። ሠራተኛዋ ደሞዝ ሲቀርባት እውነተኛ አሠሪዋን ፍለጋ ትንከራተታለች። ሦስቱም የሚኖሩት በመተማመን ብቻ ነው፤ መተማመን ሲፈርስ ደግሞ ዳኛ የሚያየው ሰነድ የለም።

ታዲያ በሩ ወለል ብሎ ይከፈት? አይደለም። መፍትሔው እዚያው ደንብ ውስጥ አለ። ደንብ ቁጥር 474 እንደ ማስታወቂያና የሒሳብ ምርመራ ያሉ ሥራዎችን የውጭ ባለሀብቱ ከ49 በመቶ ያልበለጠ ድርሻ ይዞ ከኢትዮጵያዊ ጋር እንዲሠራቸው ፈቅዷል። በእኔ እምነት የውጭ አገር ምግብ የሚያቀርቡ ትንንሽ ቤቶችም ወደዚህ ዝርዝር መግባት አለባቸው። የካፒታሉ መጠን በልካቸው ይቀነስ፤ ሙያ ማስተማርም ግዴታ ይሁን።

ያኔ 51 በመቶው የእውነት የኢትዮጵያዊ ይሆናል። ስም አከራይ የነበረው ሸሪክ ይሆናል፣ ግብር ሰብሳቢውም ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ሊጥ ማጠፍ የለመደችው ልጅም የሙያ ማስረጃዋን ይዛ፣ አንድ ቀን የራሷን ቤት በራሷ ስም ለመክፈት ትችላለች። ሕግ የዜጋን ጥቅም የሚያስጠብቀው በሩን በመዝጋት ብቻ አይደለም፤ የሚገባውን ሰው በስሙ እንዲገባ በማድረግም ጭምር ነው።

ቸር እንሰንብት!