የዘይት ቀለምና ቆርቆሮ በአያቶች ደብር

ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ከረጅም ዘመን በኋላ የተመለሰ ሰው የአያቱን ቀዬ ሲረግጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወጣው ኮረብታ አለ። ጽድና ወይራ የከበበው፣ አያት ቅድመ አያቶቹ ያረፉበት ደብር ነው። አቀበቱን እያለከለከ ይጨርሳል፤ ደጀ ሰላሙን ተሳልሞ ያለቅሳል። እንባው የእውነት ነውና የሚሳለቅበት አይኖርም። ነገሩ የሚበላሸው እንባው ከደረቀ በኋላ ነው።

የሳሩን ክዳን ማርጀት፣ የሥዕሉን በጢስና በፍሳሽ መደብዘዝ ያይና ገንዘብ ያሰባስባል። ሳሩ ወርዶ ቆርቆሮ ይመታል፤ የጭቃው ምርጊት በሲሚንቶ ይለሰናል፤ ሠዓሊ ተብዬ ተጠርቶ መቅደሱን በዘይት ቀለም «ያድሳል»። በምረቃው ዕለት ሰንጋ ይጣላል፤ የለጋሹም ስም በእብነ በረድ ይቀረጻል። የጥንቱ ሠዓሊ ስሙን ብዙ ጊዜ አልጻፈም፤ አሁን ደግሞ ሥራውም የለም።

በጎንደር ዘመን ትውፊት በተሠሩ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ በሸማ ላይ ተስሎ በግድግዳ የተለጠፈ ነው። ሲሚንቶ የጭቃውን ግድግዳ እርጥበት አፍኖ ይይዛል፤ ግድግዳው ከውስጥ ሲረጥብ ሸማው ይላቀቃል፤ ቀለሙም ይረግፋል። ለጋሹ ይህን የሚያይበት ዕድል የለውም፤ ከምረቃው ማግስት ተሳፍሯልና።

አሮጌውን በአዲስ መለወጥ ልማት የመሰለው እርሱ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጓድ ከጎንደር አጠገብ ካለው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታውያን ሥዕሎችን ከግድግዳው ልጦ ወሰደ፤ በምትካቸውም ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸውን አዳዲስ ቅጂዎች ሰቀለ። አሮጌዎቹ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ይህ ሲነሣ የማይቆጣ የሀገር ልጅ የለም፤ መቆጣቱም ይገባዋል። ይሁን እንጂ ፓሪስ ያለው ሥዕል ቢያንስ አለ፤ ይመለስ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። በዘይት ቀለም ሥር የተቀበረውን ሥዕል ግን ማን ከማን ያስመልሰዋል?

ክረምቱን ሙሉ ጣራ እያፈሰሰበት ሲቀድስ የኖረ ካህን ቆርቆሮ ቢመኝ አይፈረድበትም። ሳር በየጊዜው ይለወጣል፣ ጉልበትም ይጠይቃል፤ ገበሬው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ተጠያቂው ገንዘቡን የያዘውና ምርጫ ያለው ሰው ነው፤ ከእርሱም ጋር አዋጁን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ የተቀመጠው ሹም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ የቅርስ ጥገና እንዳይካሄድ ደንግጓል፤ ዳሩ ግን ኮረብታውን አልወጣም።

ታዲያ የባህል ሠራተኛው የት ነበር? መምህሩስ ተማሪዎቹን ይዞ፣ ብሩሹ ከመነከሩ በፊት፣ እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶግራፍ ለማንሣት ምን አገደው? የከተማው ሠዓሊ በአዳራሽ ስለ ቅርስ ሲከራከር ከሚውል አንድ ጊዜ አቀበቱን ቢወጣ ምን ነበረበት? የቆርቆሮው ገንዘብ ለሳር አጫጁና ለከዳኙ ደመወዝ፣ ለባለሙያ ጠጋኝም መጥሪያ ሊውል ይችል ነበር። ሳር መክደን የሚያውቅ ሽማግሌ በየቀበሌው ገና አልጠፋም፤ ከጎኑ ተቀምጦ የሚማር ወጣት አጣ እንጂ።