የሞተር ሳይክል ጎማና የግዢ መጠየቂያ ወረቀት

በዛሬው ጊዜ የግብርና ባለሙያው ወደ ገበሬው ማሳ፥ የጤና ሠራተኛውም ክትባት ወደሚሰጥበት ቀበሌ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በሞተር ሳይክል እንደሆነ የታወቀ ነው። መኪና በማይገባበት መንገድ የመንግሥትን ሥራ ከሕዝቡ ጋራ የምታገናኘው ይህችው ትንሽ መሣሪያ ናት። ስለዚህ ሞተሯ ደኅና ሆኖ ሳለ በጎማ ምክንያት ከመሥሪያ ቤት ግቢ የቆመች ሞተር ሳይክል በታየች ጊዜ፥ ከብረቱ ጋራ ሥራውም አብሮ መቆሙን ማሰብ ያስፈልጋል።

«ጎማ ጠፋ» የሚለው አቤቱታ ሁለት ነገሮችን አደባልቆ የያዘ ነው። አንደኛው የዋጋና የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ሲሆን፥ ሁለተኛው ልክን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። የመጀመሪያውን አንድ ወጣት ሹም ብቻውን ሊያቃናው አይችልም፤ ሁለተኛውን ግን በእጁ በያዘው ብዕር ሊያቃናው ይችላል።

ስለ ዋጋው የሆነ እንደሆነ፥ በገበያችን የሚሸጠው የሞተር ሳይክል ጎማ በብዛት ከውጭ አገር በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋው ከፍ ባለ መጠን፥ ያለ ልኩ የተገዛ ጎማ የሚያደርሰውም ኪሣራ የዚያኑ ያህል ከፍ ይላል።

ደግሞም ጎማ ሠሪ ሁሉ የሚሠራው ብዙ ገዢ ያለውን ልክ ነው። ሆንዳ «ሱፐር ከብ» የተባለችው ትንሽ ሞተር ሳይክል በ1950 ዓ.ም.፥ በአውሮጳውያን 1958፥ ለገበያ ቀርባ እ.ኤ.አ. በ2017 ብዛቷ 100 ሚሊዮን ስለ ደረሰ፥ 2.25-17 እና 2.50-17 የተባሉት ቀጫጭን ጎማዎቿ ዛሬም ይሠራሉ። የባጃጅ ቦክሰር 100 ልክ የሆኑት 2.75-17 እና 3.00-17ም በህንድና በአፍሪካ ብዙ ተጠቃሚ ስላላቸው እንዲሁ ናቸው። ልኩ ከብዙኃኑ የተለየ አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ግን ገበያው ይጠብበታል። እንዲህ ያለው ሰው ያንኑ ልክ በሌላ አጻጻፍ መፈለግን ማወቅ አለበት።

ይኸውም እንደሚከተለው ነው። 3.00-17 ሲባል፥ 3.00 የጎማው ወርድ በኢንች፥ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። በአዲሱ አጻጻፍ 80/100-17 ሲባል፥ 80 ወርዱ በሚሊሜትር፥ 100 ደግሞ የጎማው ቁመት ከወርዱ በመቶኛ ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ፥ 3.00 ማለት 76 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በአሮጌው ልክ ቁመቱ ከወርዱ ጋራ እኩል ያህል ስለሆነ የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር 584 ሚሊሜትር ይመጣል። የ80/100-17 ደግሞ 592 ነው። ልዩነቱ 8 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ሊተካ ይችላል። 100/90-17 ግን 612 ሚሊሜትር ደርሶ በ28 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ በወርዱም 24 ሚሊሜትር ይሰፋል።

«ሰፊ ጎማ ጠንካራ ነው» የሚል አስተሳሰብ በብዙ ሰው ዘንድ አለ። ነገር ግን ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ጎኖቹ ተጨምቀው ቅርጹ ይበላሻል፤ ካቴናውን ወይም ፓራፋንጎውን እየነካም ሊበላ ይችላል። ፍጥነት መለኪያው ከፊት እግር ጋራ የተያያዘ ከሆነ ደግሞ፥ ከልኩ የበለጠ የፊት ጎማ እውነተኛውን ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል።

ከልኩ ቀጥሎ እንደ 50P ያለ ምልክት ይገኛል። 50 ማለት ጎማው እስከ 190 ኪሎ፥ P ማለት በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩ 41 ከሆነ ግን የሚችለው 145 ኪሎ ብቻ ነው። ሁለት ሰውና ዕቃ ለሚጫንበት የኋላ እግር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው የዘመኑ ቁጥር ነው። በጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ፥ ለምሳሌ 2316 ተብሎ ቢጻፍ፥ በ2016 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ዘመኑ ግን የአውሮጳውያን ነው፤ በእኛ አቈጣጠር 2008 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የእኛው 2016 መስሎት የሚገዛ ሰው በስምንት ዓመት ተሳሳተ ማለት ነው። ላስቲክ በሙቀትና በፀሐይ፥ በአየር ውስጥ ባለው ኦዞንም ይደርቃል፤ ጥርሱ ሳይነካ ጎኑ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው ጎማ ለበረባሶ ካልሆነ በቀር ለመንገድ አይሆንም።

እንግዲህ ወደ መሥሪያ ቤት ስንመለስ፥ በግዢ መጠየቂያው ላይ «የሞተር ሳይክል ጎማ፥ ብዛት 2» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፥ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ዝቅተኛው ዋጋ ሲመረጥ ልኩ፥ አቅሙና ዕድሜው ያልታወቀ ጎማ ይመጣል። ነጋዴው የተጠየቀውን አቅርቧልና ሊወቀስ አይችልም። ዕቃውን ከተረከቡ በኋላ ጎሚስታው «አይገባም» ሲል መጣላት፥ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

አንዳንዶች ዝርዝር መጻፍ ውድድሩን ለአንድ ነጋዴ ያጠባል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ የፋብሪካ ስም ሲጻፍ እውነት ነው፤ ልክና አቅም ሲጻፍ ግን ሁሉም ነጋዴዎች በአንድ ዓይነት ዕቃ ስለሚወዳደሩ ዋጋውን ማነጻጸር የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የሞተር ሳይክሉ ዓይነት፥ የፊት ወይም የኋላ መሆኑ፥ ልኩና ሊተካው የሚችለው ሌላ ልክ፥ የሚሸከመው ክብደት፥ ከስንት ዓመት በላይ የቆየ ጎማ እንደማይወሰድ፥ ካላማዳሪያውም አብሮ አዲስ እንዲሆን መጻፍ ይገባል። ይህም ከአምስት መስመር አይበልጥም።

የውጭ ምንዛሪ እስኪበዛ መጠበቅ ግድ ሊሆን ይችላል። አምስቱን መስመር ለመጻፍ ግን ጎማው አጠገብ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ማንበብ ይበቃል። ከዚያ ቀበሌ ክትባት የምትጠብቅ እናት የሹሙን ትጋት የምትለካው ባለሙያው በቀጠሮው ቀን በመድረሱ ነው።