«12 ቮልት ምን ያደርጋል?»

አዳማ ውስጥ ባጃጅ የሚጠግን ልጅ ባትሪው «አለው ወይስ የለውም» የሚለውን ለማወቅ ሁለቱን ራሶች በመፍቻ ነካ ያደርጋል። ብልጭ ካለ አለው። ሹፌሩ አጠገቡ ቆሞ ያያል፣ የሚደነግጥ የለም። የግድግዳው 220 ቮልት ስለሚነዝር ይፈራል፤ 12 ቮልት ግን እጅ ስለማይነዝር እንደ መጫወቻ ነው።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ለመንዘር ቮልቱ ከፍ ማለት አለበት፤ ብረት የሚያግለው ግን አምፒሩ ነው። ደህና የመኪና ባትሪ በውስጡ ያለው ሬዚስታንስ እጅግ ትንሽ በመሆኑ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ በብረት ሲገናኙ ከ1000 አምፒር በላይ ሊፈስ ይችላል። መፍቻው በሰከንዶች ይግላል፣ አንዳንዴም እዚያው ይበየዳል። ጣት ላይ ያለ ቀለበትም ከመፍቻው አይለይም። ቻርጅ ሲደረግ የቆየ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ጋዙ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ያቺ «መሞከሪያ» ብልጭታ ትበቃዋለች። ሲፈነዳ አሲዱ የሚያገኘው አጎንብሶ የሚያየውን ፊት ነው።

ይህ የመንገድ ዳር ጋራዥ ችግር ብቻ የሚመስለው ሰው ሐምሌ 5 ቀን 2005ን ያስታውስ። ለንደን ሂትሮው ላይ ቆሞ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787፣ «ንግሥተ ሳባ» የተባለው፣ ከጅራቱ አካባቢ ተቃጠለ። ውስጡ ሰው አልነበረም። የእንግሊዝ መርማሪዎች በነሐሴ 2007 ባወጡት ሪፖርት እሳቱን ያገኙት አደጋ ሲደርስ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በሚጠቁመው መሣሪያ ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ውስጥ ነው። ገመዶቹ ክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ሾርት ሳይፈጥሩ አልቀሩም። አንዱ የባትሪ ሴል ሲግል ጎረቤቱን አጋለ፣ እሳቱም እየተቀባበለ ሄደ።

ወደ አዳማ እንመለስ። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ባትሪ ቶሎ ቶሎ ይፈታል፣ ይታሰራል። ሲፈታ ኔጋቲቩ መቅደም አለበት፤ ቦዲው ከኔጋቲቭ ጋር ስለተገናኘ ፖዘቲቩን ቀድሞ የሚፈታ መፍቻ ቦዲ ከነካ ሾርት ነው። ከሁሉ የከፋው ልማድ ግን ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ መተካቱ ነው። ፊውዙ የተቃጠለው ሥራውን ሠርቶ ነው። በሽቦ ሲተካ ቀጥሎ የሚቃጠለው ገመዱ ይሆናል። መኪናው ወይም ሱቁ ከነደደ በኋላ «መንስኤው የኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል፤ ኮንታክት እንደ መብረቅ ከሰማይ የወረደ ይመስል። ሽቦውን ያስገባ እጅ እንዳለ ማንም አይጠይቅም።

አሁን ደግሞ ጉዳዩ ከ12 ቮልት እያለፈ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ በየመንገዱ የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ከ300 እስከ 400 ቮልት የሚሆን ባትሪ የተሸከሙ ናቸው። ይሄኛው ይነዝርማል፣ ያቃጥላልም። ብርቱካናማው ገመድ የማይነካ መሆኑን ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያለ መካኒክ ሁሉ መኪናው ተበላሽቶ ደጁ ከመቆሙ በፊት ሊያውቅ ይገባል። መኪናውን የሚያስገባው ነጋዴ ሥልጠናውንም አብሮ እንዲያቀርብ ቢገደድ አይበዛበትም።