የሆርሞን የደም ምርመራ፦ ለማን? ለየትኛው ጥያቄ?

ባሕር ዳር፦ "ሙሉ የሆርሞን ምርመራ" የሚል ጥቅል በብዙ አገራት ለጤነኛ ሰዎች እየተሸጠ ነው። ኢንሱሊን፣ ኮርቲሶል፣ ቴስቶስትሮንና የታይሮይድ ሆርሞኖች በአንድ ቀን፣ በአንድ የደም ናሙና ይለካሉ፤ ውጤቱም ለስኳርና ለልብ ሕመም ያለንን ተጋላጭነት ከዓመታት በፊት እንደሚናገር ይገለጻል። ማስታወቂያው በእጅ ስልኮቻችን በኩል ወደ እኛም ይደርሳል። አቅም ያለው ሰው "ልመርመር ወይስ ልተወው?" ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ሐሳቡ ከባዶ የመነጨ አይደለም። ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭ፣ ስኳር ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች እንዲገባ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። በኒውዮርክ ብሮንክስ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን በ1960 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን እጅግ ጥቂት የሆነ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ የሚለኩበትን ዘዴ ይፋ አደረጉ። ያገኙት ውጤት ያልተጠበቀ ነበር፤ በጉልምስና ዕድሜ ስኳር ሕመም የያዛቸው ብዙ ሰዎች ኢንሱሊን አላነሳቸውም፤ እንዲያውም ከጤነኛው ሰው የበለጠ ነበራቸው። ሰውነታቸው ለሆርሞኑ መታዘዝ በመቀነሱ ቆሽታቸው አብዝቶ ያመርት ነበር። ያሎው በ1977 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በርሰን ግን ቀደም ብለው በ1972 በማረፋቸው ሽልማቱን አላዩትም።

ቆሽት ትርፍ ኢንሱሊን እያመረተ የደም ስኳርን ለዓመታት በልኩ ሊያቆየው ይችላል። በዚያው ጊዜ የሆድ ስብ ይከማቻል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ የደም ቅባት ይዛባል። እንግዲህ ስኳሩ ከመጨመሩ በፊት ኢንሱሊኑን መለካት አደጋውን ቀድሞ አያሳይምን?

በምርምር ዓለም ያሳያል። በአንድ ግለሰብ ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ኢንሱሊን በየጥቂት ደቂቃው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያለ ይመነጫል፤ በደም ውስጥም ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይቆይም። ናሙናው ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ቀይ የደም ሕዋሳት ከፈረሱ በውስጣቸው ያለው ኢንዛይም ኢንሱሊኑን ይሰባብረዋል። ደሙ በፍጥነት ተለይቶ በቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ መብራት በሚቆራረጥበት፣ ናሙናም ከወረዳ ወደ ከተማ በሚጓዝበት ሁኔታ ይህ ቀላል ግዴታ አይደለም። ከዚህም በላይ የተለያዩ አምራቾች የመመርመሪያ መሣሪያዎች ለአንድ ደም የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ።

ይህ ልዩነት ምን እንደሚያስከትል በቁጥር እንየው። በ1985 የቀረበውና ዛሬም በስፋት የሚሠራበት ስሌት፣ ሳይቀምሱ የተለካውን ኢንሱሊን በደም ስኳር መጠን አባዝቶ ለ405 ያካፍላል። ስኳሩ 90፣ ኢንሱሊኑ 10 የሆነ ሰው 2.2 ያገኛል። ሌላ መሣሪያ ለዚያው ሰው ኢንሱሊኑን 15 ብሎ ቢያነበው ስሌቱ 3.3 ይሆናል። ብዙዎች እንደ ወሰን የሚጠቀሙበት ቁጥር ደግሞ 2.5 አካባቢ ነው፤ እሱም ቢሆን ዓለም አቀፍ ስምምነት የተደረሰበት አይደለም። ሰውየው በአንዱ ላቦራቶሪ "ጤነኛ"፣ በሌላው "ለአደጋ የተጋለጠ" ተብሎ ይወጣል።

ቁጥሩ ትክክል ቢሆንስ ምን ይለወጣል? ኢንሱሊኑ ከፍ ያለበት ሰው ክብደት እንዲቀንስ፣ እንዲንቀሳቀስ፣ ጣፋጭ እንዲያሳንስ፣ ሲጋራ እንዲተው ይነገረዋል። ይህን ምክር ለማግኘት ግን የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃው ነበር፤ የወንድ ወገብ ከ94፣ የሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ነውና። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መመሪያም ሕመሙን ለመለየት የሚያዘው የደም ስኳርንና የሁለት ሦስት ወር አማካይ የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ እንጂ ኢንሱሊንን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው የልብና የደም ሥር ሕመም መተንበያ ሠንጠረዥ ውስጥ ጭራሽ የደም ምርመራ የማይጠይቅ አማራጭ አለ፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ማጨስ፣ የደም ግፊት፣ ቁመትና ክብደት ብቻ ይበቁታል።

የእኛ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 እንደገመተው በአፍሪካ ስኳር ሕመም ካለባቸው ጎልማሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መታመማቸውን አያውቁም። ግፊቱን አንድም ቀን ተለክቶ የማያውቅ ሰው በሞላበት አካባቢ፣ የተለካ ጤነኛን ለአሥር ሆርሞን ማስመርመር ቅደም ተከተሉን የሳተ ነው።

ይህ ማለት ግን የሆርሞን ምርመራ የቅንጦት ነገር ነው ማለት አይደለም። ምልክት ይዞ ለመጣ ታማሚ ሲታዘዝ ሕይወት ያተርፋል። ታይሮይድን እንውሰድ። የአዮዲን እጥረት ባለባቸው ደጋማ አካባቢዎቻችን እንቅርት የቆየ ችግር ነው፤ "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለው አባባላችንም ምን ያህል እንደለመድነው ይመሰክራል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2011 ነው። ዕጢው ሥራው ሲዳከም ጉበት ኮሌስትሮልን ከደም ማጽዳት ስለሚያዳግተው የደም ቅባት ይጨምራል። እንዲህ ያለ ሰው የኮሌስትሮል መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ቲኤስኤች የተባለው አንድ ምርመራ ቢደረግለት ትክክለኛው መድኃኒት የታይሮይድ ሆርሞን መሆኑ ይታወቅለታል። ዕጢው ከመጠን በላይ ሲሠራ ደግሞ የልብ ምት ይዛባል፤ በልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። "ልቤን ይመታኛል" ብላ የመጣች እናት "ጭንቀት ነው" ተብላ ከመመለሷ በፊት ይህ ምርመራ ይገባታል።

ልብም ራሱ ሆርሞን ያመነጫል። ግድግዳው ሲወጠር ቢኤንፒ የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ትንፋሽ ያጠረው ታማሚ ላይ የዚህ ዝቅተኛ መሆን የልብ ድካምን ጥርጣሬ ያርቃል። አልዶስትሮን የሚባለው ሌላው ሆርሞን ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች በብዛት ሲመነጭ ደግሞ ግፊቱ በመድኃኒት አልታዘዝ ይላል። በ2025 የወጣው የአሜሪካው የኢንዶክራይን ማኅበር መመሪያ ግፊት ያለበት ሁሉ ይህ እንዲታይለት ይመክራል። ለእኛ አቅም ግን ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰዱ ግፊታቸው ካልወረደላቸው መጀመር የሚሻል ይመስለኛል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የጎንደር ጉዳይ ነው። ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት ጥናት በጎንደር ዙሪያ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች በብዛት ወጣት፣ ድሃና ቀጫጭን ወንዶች መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም ዳግም እንዲፈተሽ ጠይቀዋል። ፌዴሬሽኑ ይህን ዓይነት ሕመም "አምስተኛው ዓይነት" ብሎ እውቅና የሰጠው በ2025 በባንኮክ ጉባኤው ነው። ለእነዚህ ወጣቶች ቆሽታቸው ምን ያህል እንደሚያመርት ማወቅ የሕክምናው መነሻ ነው። ሲ-ፔፕታይድ የተባለው ምርመራ ከኢንሱሊን ጋር አብሮ የሚመነጨውን ክፍል ስለሚለካ፣ በመርፌ ከተወሰደው ኢንሱሊን ጋር አይምታታም። ሙሉ በሙሉ በመርፌ ላይ የሚኖረውን ታማሚ ጥቂት ከሚበቃው ይለያል። ማጀቱ በክረምት ለሚራቆት ገበሬ ልዩነቱ ከባድ ነው፤ ምግብ ባልተገኘበት ቀን ከመጠን ያለፈ ኢንሱሊን የወጋ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። የሆርሞን ምርመራን በክልላችን ለማስፋፋት የሚመደብ ገንዘብ ካለ፣ መጀመሪያ በሪፈራል ሆስፒታሎች አዲስ ስኳር ሕመም ለሚገኝባቸው ወጣቶች ሲ-ፔፕታይድን በነጻ ለመስጠት፣ ናሙናውንም ሳይበላሽ ለሚያደርስ የቅዝቃዜ ሰንሰለት ሊውል ይገባል።