ዕድሜ በብልቃጥ ሲቸበቸብ ሚዛኑ የት አለ?

‹‹ፔፕታይድ›› የሚለው ቃል ከላቦራቶሪ ወጥቶ የአክሲዮን ገበያ ቋንቋ ከሆነ ሰነባብቷል። በር ከፋቹ የዴንማርኩ ኖቮ ኖርዲስክ ነው። ኩባንያው መጀመሪያ ለስኳር ሕመም፣ ኋላም ውፍረት ለመቀነስ የተፈቀደለትን ሴማግሉታይድ የተባለ መርፌ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2023 የገበያ ዋጋው ከገዛ አገሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ምርት በልጦ ታየ። ተፎካካሪው የአሜሪካው ኢላይ ሊሊም ቲርዜፓታይድን ይዞ ተከተለና በኖቬምበር 2025 የአንድ ትሪሊዮን ዶላር ኩባንያ ለመባል በቃ። ገንዘብ እንዲህ ሲጎርፍ ያየ ሁሉ ፊቱን ወደዚያው ቢያዞር አይፈረድበትም።

ችግሩ የመጣው ከዚህ እሳት ዳር ከሚሞቁት ነው። ሕዋስ ያድሳሉ፣ እርጅናን ያዘገያሉ፣ ዕድሜ ያረዝማሉ የሚባሉ ሌሎች ፔፕታይዶች ‹‹ለምርምር ብቻ፤ ለሰው አይሰጥም›› የሚል ወረቀት በተለጠፈባቸው ትንንሽ ብልቃጦች ይቸበቸባሉ። ወረቀቱ ለተቆጣጣሪ ዓይን ነው፤ ዱቄቱ ግን ተበጥብጦ የሚገባው ከገዢው ቆዳ ሥር ነው። ይህንን ሻጩም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዲሴምበር 2024 እንዲህ ላሉ ሻጮች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። በጁላይ 2025 ደግሞ በላስ ቬጋስ በተካሄደ የረጅም ዕድሜ ጉባኤ ላይ ፔፕታይድ የተወጉ ሁለት ሴቶች በጠና ታመው ሆስፒታል ገብተዋል።

እዚህ ላይ ባለገንዘብ ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። በአንድ ስም የሚጠሩት ዕቃዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ተመዝኖ ገበያ የወጣ ነው፤ ሁለተኛው በአንደኛው ስም ዱቤ የሚበላ ነው።

ፔፕታይድ ራሱ ምሥጢር የለውም። ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች በአጭር ሰንሰለት ሲቀጣጠሉ ፔፕታይድ ይባላሉ። በ1921 ቶሮንቶ ላይ የተገኘው ኢንሱሊን ከዚሁ ወገን ሲሆን 51 አሚኖ አሲዶች አሉት። በማግስቱ ዓመት ሞት አፋፍ ላይ ለነበረ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጥቶ ሥራው በሳምንታት ውስጥ በዓይን ታየ። ሴማግሉታይድም አንጀት የሚያመነጨውን ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው። የተፈጥሮው ሆርሞን ደም ውስጥ በደቂቃዎች ይፈርሳል፤ ኬሚስቶቹ የስብ ጭራ ቀጥለውለት ሳምንት እንዲቆይ አደረጉ። ከዚያም ውፍረት ባለባቸው 17,604 የልብና የደም ሥር ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ የልብ ድንገተኛ ሕመምን፣ ስትሮክንና በእነዚህ ሳቢያ የሚመጣን ሞት በ20 በመቶ መቀነሱ በ2023 ይፋ ሆነ። ይህ ዕቃ ውድ ነው ቢባል ሻጩ የሚያሳየው ደረሰኝ አለው።

በሌላው ጠረጴዛ ላይ ያለውስ? ቢፒሲ-157 የሚባለው ስለ ብቃቱ የሚቀርብለት ማስረጃ በአብዛኛው ከክሮኤሺያዋ ዛግሬብ የመጣ የአይጥ ጥናት ነው። የዓለም ፀረ-አበረታች መድኃኒቶች ኤጀንሲ ከ2022 ጀምሮ ለስፖርተኛ ከልክሎታልና ሯጭ ልጅ ያለው ሰው ይህን ስም ቢይዘው አይጎዳም። ኤፒታሎን ደግሞ የአራት አሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፤ ከሴንት ፒተርስበርግ የቭላድሚር ካቪንሰን ቤተ ሙከራ የወጣ ነው። የክሮሞዞም ጫፍ የሆነውን ቴሎሜር የሚያስረዝም ኢንዛይም ይቀሰቅሳል ይባልለታል። ቴሎሜር ቁም ነገር መሆኑ አያጠራጥርም፤ የ2009 የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጠበት ነው። ይሁን እንጂ ያንኑ ኢንዛይም አብዛኞቹ ካንሰሮችም ለመባዛት ስለሚጠቀሙበት፣ ‹‹ቀሰቀሰ›› ብሎ ማስታወቂያ መሥራት የታሪኩን ግማሽ ደብቆ መሸጥ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን የዕድገት ሆርሞን ጉዳይ ነው። ሰርሞሪሊንና መሰሎቹ የሚሸጡት ሰውነት የዕድገት ሆርሞን አብዝቶ እንዲያመነጭ ያደርጋሉ፣ ሆርሞኑ ሲበዛም ወጣትነት ይመለሳል በሚል ሒሳብ ነው። የሒሳቡ መነሻ በ1990 የታተመ አንድ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ61 እስከ 81 የሆነ 21 ወንዶች ተሳትፈውበት 12ቱ ሆርሞኑን ለስድስት ወር ተወጉ፤ ጡንቻቸው ጨመረ፣ ስባቸው ቀነሰ። ዕድሜያቸው ይርዘም ይጠር የጠየቀ ግን አልነበረም። በእነዚያ 12 ሽማግሌዎች ጡንቻ ላይ ግን አንድ ሙሉ ገበያ ቆመ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የዕድገት ሆርሞን የሌላቸው ድንክ አይጦች ከጤነኞቹ አንድ ዓመት ያህልና ከዚያም በላይ ዘለግ አድርገው እንደሚኖሩ አሳየ። ለአይጥ አንድ ዓመት ብዙ ነው። በኢኳዶር ደግሞ ሰውነታቸው ለዚህ ሆርሞን ምላሽ የማይሰጥ አጫጭር ሰዎች አሉ። በእነርሱ ላይ በ2011 የወጣው የረጅም ጊዜ ክትትል የስኳር ሕመም አላገኘም፤ ካንሰርም የታየው በአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ያም አልገደለም። ሰዎቹ ከዘመዶቻቸው የበለጠ ዕድሜ ኖሩ ማለት አይደለም፤ በአደጋና በሌላ ምክንያት የሚሞተው ብዙ ነው። ሆኖም ማስረጃው ወዴት እንደሚያጋድል ለማየት የሕክምና ዲግሪ አያስፈልግም። ገበያው ‹‹ረጅም ዕድሜ›› ብሎ የሚሸጠው ምናልባት ተቃራኒውን ነው። ወጣት መምሰልና ብዙ መኖር ሁለት የተለያዩ ሸቀጦች ናቸው፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለሁለተኛው ነው፣ የሚረከበው ቢበዛ የመጀመሪያውን ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ብልቃጦች ይሠራሉ የሚል ካለ ለምን አያስፈትናቸውም? መልሱ ከሳይንሱ ይልቅ የንግድ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ሥራው በወራት ይለካል። ዕድሜ አርዝሟል ለማለት ግን ገዢው እስኪሞት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቅሬታ አቅራቢ አይኖርም። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ እርጅናን ራሱን የቻለ በሽታ ብሎ መድኃኒት አይፈቅድለትም። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ያለፈባቸው ፔፕታይዶች አስተማማኝ ፓተንት ስለሌላቸው በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አውጥቶ የሚያስፈትናቸው ውጤቱን ከጎረቤቱ ጋር መካፈሉ ነው። ስለዚህ ማንም አያስፈትንም፤ ሁሉም ይሸጣል።

በቀና መንገድ የሞከሩ አልጠፉም። የአሜሪካው ኮህባር በሙያቸው በተከበሩ ሳይንቲስቶች ተመሥርቶ፣ ከሕዋስ ኃይል ማመንጫ ከማይቶኮንድሪያ በሚገኙ ፔፕታይዶች ላይ ተነሥቶ በ2015 አክሲዮን ለሕዝብ ሸጠ። በ2018 መርፌው በተወጋበት ቦታ በታየ ችግር ሙከራውን ለጊዜው አቆመ፤ ቆይቶ ቢቀጥልም አንድም መድኃኒት ገበያ አላደረሰም። ፔፕታይድ ባይሆንም የሰርትሪስ ነገር ከዚሁ ይቆጠራል። ግላክሶስሚዝክላይን ይህን የፀረ እርጅና ኩባንያ በ2008 በ720 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በ2013 ቢሮውን ዘጋው። እነዚህ አጭበርባሪዎች አልነበሩም። ሚዛኑ ላይ ወጡ፣ ሚዛኑም አላነሣቸውም። ሚዛን ላይ ያልወጣው ብልቃጥ ግን እስካሁን አልከሰረም!

የተመዘነውም ቢሆን ለባለአክሲዮን እንቅልፍ አይሰጥም። ኖቮ ኖርዲስክ የሽያጭ ትንበያውን ዝቅ ባደረገበት በጁላይ 29 ቀን 2025 አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከ20 በመቶ በላይ ወርዷል። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ አሜሪካ ውስጥ በየፋርማሲው እየተቀመመ የሚሸጠው የመድኃኒቱ ግልባጭ ነው።

ነገሩ ወደ አገር ቤት ሲመጣ ሕጉ አጭር ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ሳይመዘገብ ገበያ እንዳይወጣ ያዛል። ‹‹ለምርምር ብቻ›› የሚል ወረቀት የያዘ ብልቃጥ ደግሞ ለባለሥልጣኑ የሚያቀርበው የሰው ሙከራ ሰነድ የለውም። ስለዚህ ብቸኛ ወኪልነት እንስጥህ የሚል ደብዳቤ የደረሰው አስመጪ የሚፈረምለት የሻንጣ ንግድ ነው፤ ዕቃው ቢያዝ ዶላሩ ቀለጠ፣ ሰው ቢታመም የሚከሰሰው አገር ቤት ያለው ወኪል ነው።

ፔፕታይድ መነገድ ለሚፈልግ ግን በር አልተዘጋም። የሴማግሉታይድ ዋና ፓተንት በሕንድና በቻይና የሚያበቃው በማርች 2026 ነው። ሕንድ ደግሞ ኢትዮጵያ ብዙ መድኃኒት የምታስገባባት አገር ናት። እንደ ኢንሱሊን ሁሉ ይኸኛውም ከመድኃኒት ቤት እስኪወጣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ የማይሞቅ መጋዘን የሌለው አስመጪ ስለ ዕድሜ ማራዘሚያ ብልቃጥ ከመደራደሩ በፊት የቀዝቃዛ ክፍልና የጄኔሬተር ዋጋ ቢያጠያይቅ ይሻለዋል።