ዌብሳይቱ ተሠራ፤ ገዢውስ?

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዌብሳይት አሠርቻለሁ፤ ሰው ግን አይገባበትም። ቡስት ላስደርግ?» ጠያቂዎቹ ልብስ ሰፊዎች፣ ኬክ ቤቶች፣ የቆዳ ቦርሳ ሻጮች ናቸው። መልሴ «ትንሽ ቆዩ» ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከዶላር ይጀምራል።

የፌስቡክና የኢንስታግራም ማስታወቂያ ዋጋ ዞሮ ዞሮ ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የ50 ዶላር ቡስት 2,900 ብር አካባቢ ይፈጅ ነበር ማለት ነው። በታኅሣሥ 2017 ያው 50 ዶላር ከ6,000 ብር አለፈ። ብዙው ነጋዴ የዶላር ካርድ ስለሌለው በሰው በኩል ነው የሚከፍለው፤ የዚያን ሰው ኮሚሽን ገና አልቆጠርንም። ቀሚሱ ግን የሚሸጠው በብር ነው። ስለዚህ በነፃ የሚሠራው ሁሉ ሳያልቅ ዶላር ማውጣት ለእኔ አይገባኝም።

«ቴሌግራም ቻናል አለኝ አይደል፣ ዌብሳይት ምን ያደርግልኛል?» የሚልም አለ። የካቲት 2015ን እናስታውስ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉና እስከ ሐምሌ በቪፒኤን ከረምን። ሱቁን ሙሉ በሙሉ ቴሌግራም ላይ የከፈተ ሰው ያን ጊዜ ደንበኛውን በምን ያግኘው? ቻናሉን አትዝጉት፤ ዋናው ዕቃ፣ ዋጋና ስልክ ግን በራሳችሁ ገጽ ላይ ይኑር። ቻናሉና ቲክቶኩ ሰው ወደዚያ ይላኩ።

የመጀመሪያው ነፃ ሥራ ጎግል ማፕ ላይ መመዝገብ ነው። የሱቁ ስም፣ ስልክ፣ የሥራ ሰዓት፣ የበሩ ፎቶና የዌብሳይቱ ሊንክ ይገባል። አድራሻችን «ከታክሲ ማዞሪያው ፊት ለፊት» በሆነበት ከተማ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ዕቃውን የወደደ ደንበኛ ሁለት መስመር አስተያየት እንዲጽፍ ጠይቁት፤ አያሳፍርም።

ሁለተኛው ቃላት ነው። ብዙ የኛ ሰዎች ገጽ ቆንጆ ፖስተር ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ምስሉ ውስጥ ተቀብሯል። ጎግል በደንብ የሚያነበው በጽሑፍ የተጻፈውን ነው። የአማርኛ ጣጣ ደግሞ አለ፦ አንዱ «የሐበሻ ቀሚስ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «የሀበሻ ቀሚስ»፣ ሦስተኛው በላቲን ፊደል። ሦስቱንም ገጹ ላይ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ለሽሮ ሜዳ ነጋዴ ይህ ገንዘብ ነው፤ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆና ለሠርግ ቀሚስ የምትፈልግ ልጅ የቻናሉን ስም ከየት ታውቀዋለች? ጎግል ላይ ነው የምትጽፈው።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን «ለዋጋ ኢንቦክስ» የሚለው ልማድ ነው። የሻጩ ምክንያት ይገባኛል። ተፎካካሪ ዋጋዬን ያያል ይላል፤ ምንዛሪው ዕቃውን በየሳምንቱ ያንረዋል፤ አንዳንዱም (እውነቱን እንነጋገር) የደንበኛውን ሁኔታ አይቶ መጥራት ይፈልጋል። ተፎካካሪው እኮ እንደ ደንበኛ ሆኖ በኢንቦክስ ጠይቆ ያውቀዋል! የሚቀረው ገዢው ነው። ጆርጅ ስቲግለር የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ዋጋ ማፈላለግ ራሱ ወጪ እንዳለው አሳይቷል። መርካቶን ዞሮ ዋጋ የጠየቀ ሰው ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልገውም። ጽፎ፣ መልስ ጠብቆ፣ «አይ ይቅርብኝ» ለማለት አፍሮ ከሚቀር፣ ገዢው ዋጋ ወደጻፈው ሻጭ ይሄዳል። ዋጋው የሚለዋወጥ ከሆነ «እስከ አርብ የሚጸና» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ከጎኑ የቴሌብር ወይም የባንክ ክፍያ አማራጩና የማድረሻው ሒሳብ ይቀመጥ።

ፎቶዎቹንም አሳንሱ። ገጹ እስኪከፈት የደንበኛው ጥቅል ካለቀ ተመልሶ አይመጣም።

ከዚያ አንድ ደብተር ያዙ። የገዛውን ሁሉ «በምን አገኘኸን? በምን አገኘሽን?» ብላችሁ ጻፉ። ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጎግል ነፃ መሣሪያ ደግሞ ሰው ምን ብሎ ፈልጎ እንዳገኛችሁ ያሳያል። አንድ ወር ሁለት ወር እንዲህ ከሄደ በኋላ ስለ ቡስት እናውራ፤ ያኔ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከአንድ ቀሚስ የምታተርፉት 800 ብር ነው እንበል። የ6,000 ብር ቡስት ወጪውን ለመመለስ ብቻ 8 ቀሚስ ማሸጥ አለበት። ደብተራችሁ ገጹን ካዩ 100 ሰዎች አንዱ እንደሚገዛ ካሳየ፣ ቡስቱ 800 ሰው ማስገባት ይጠበቅበታል። ቡስት አድራጊው ያመጣላችሁ ሪፖርት ላይክ ብቻ ከቆጠረ፣ ስንት ሰው ገጹን እንደከፈተ ጠይቁት።